የአውታሩ ልክ፦ ከእንጦጦ በገና እስከ አሮጌው ፒያኖ

በአዳራሽ ጥግ ወይም በአንድ የቆየ ቤት ሳሎን ውስጥ የተቀመጠ አሮጌ ፒያኖ አይታችሁ ይሆናል። ክዳኑ ላይ የአበባ ማስቀመጫ ተደርጎበታል፤ ልጆች በአንድ ጣት እየነካኩት ያልፋሉ፤ ከቁልፎቹ ብዙዎቹ ድምፅ አይሰጡም። አንድ ቀን ከወጣቶች ኅብረት አንዱ ተነሥቶ «ለምን አናሠራውም?» ቢል፣ መልካም ሐሳብ ነው። ብዙ ጊዜ ተከትሎት የሚመጣው ሐሳብ ግን አደገኛ ነው፦ «የተበጠሱትን ክሮች ወፈር ባለ ጠንካራ ሽቦ እንተካቸው፤ ዳግመኛ አይበጠሱም።»

ይህ ጽሑፍ ሁለተኛው ሐሳብ ለምን እንደማያዋጣ በታሪክ መንገድ ያሳያችኋል። አንድ መቶ ዓመት የቆመ መሣሪያ በአንድ ቅዳሜ በበጎ ፈቃድ ሊሰነጠቅ ይችላል። መሣሪያውን የሚያድነው የሽቦው ጥንካሬ ሳይሆን የሽቦው ልክ ነው። ይህን ለመረዳት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም፤ ከቅርባችን እንጀምር።

ዐሥሩ አውታሮች

በየካ አባዶና በአካባቢው ለምትኖሩ የእንጦጦ ተራራ ጎረቤታችሁ ነው። በዚያ በእንጦጦ፣ እ.ኤ.አ. በ1950፣ በኋላ በበገና ስማቸው በዓለም የታወቀው ዓለሙ አጋ ተወለዱ። የ12 ዓመት ልጅ ሳሉ አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል የተባሉ የበገና ሊቅ በጎረቤትነት መጥተው ሰፈሩ። ልጁም ከእርሳቸው ዘንድ በገና መማር ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1972 የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገናን በመደበኛ ትምህርትነት ማስተማር ሲጀምር ዓለሙ አጋ መምህር ሆኑ። በደርግ ዘመን ግን ትምህርቱ ተቋረጠ። ያ ዘመን ለእኛም ቤት እንግዳ አይደለም፤ የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1977 በመንግሥት የተወሰደው በዚያው ወቅት ነው። በያሬድ ትምህርት ቤት የበገና የማታ ትምህርት ዳግመኛ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2004 ነበር።

በገና የመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ ሁሉ የሚያውቀው መሣሪያ ነው። መዝሙር 33፣ 92 እና 144 ዐሥር አውታር ስላለው መሣሪያ ይናገራሉ፤ 1ኛ ሳሙኤል 16 ደግሞ ዳዊት በሳኦል ፊት ሲደረድር ያሳየናል። የአገራችን ትውፊት በገና ከቀዳማዊ ምኒልክ ጋር ከእስራኤል መጣ ይላል። በብራና መጻሕፍት ላይ ሥዕሉ መታየት የጀመረው ደግሞ በ15ኛው መቶ ዘመን ነው።

አሁን አካሉን እንመልከት። ከታች በቆዳ የተለበጠ የድምፅ ሣጥን አለ። ከእርሱ ሁለት ምሰሶዎች ሽቅብ ይወጣሉ፤ ከላይ ቀንበር ያገናኛቸዋል። ዐሥሩ አውታሮች ከሣጥኑ ተነሥተው በርኩማ በሚባለው ድልድይ ላይ አልፈው ቀንበሩ ላይ ይጠመጠማሉ። በአውታሩና በበርኩማው መካከል እንዚራ የምትባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች፤ ያ የታወቀው እርር የሚል የበገና ድምፅ የሚወጣው በእርሷ ምክንያት ነው። በጣት በሚደረደርበት ጊዜ ከዐሥሩ ስድስቱ ድምፅ ይሰጣሉ፤ አራቱ ጣት ማሳረፊያ ሆነው ያገለግላሉ። ግርፍ በሚባለው ስልት ግን ዐሥሩም ይመታሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። የዐሥሩም አውታር ርዝመት ተቀራራቢ ነው። ታዲያ አንዱ ወፍራም፣ ሌላው ቀጭን ድምፅ የሚሰጠው ከምን የተነሣ ነው? መልሱ ሁለት ነው፦ አውታሩ ምን ያህል ወፍራም ነው? ምን ያህልስ ተወጥሯል? የበገና ሠሪ ከበግ አንጀት የተገመደውን አውታር በጣቱ እየዳሰሰ ወፍራሙን ለታችኛው፣ ቀጭኑን ለላይኛው ድምፅ ሲመርጥ፣ የፒያኖ ጠጋኝ በመለኪያ የሚሠራውን ሥራ በእጁ እየሠራ ነው።

አንድ ሰው ተነሥቶ «አንጀት ይበጠሳል፤ በዚያው ውፍረት የብረት ሽቦ ላድርግበት» ቢል ምን ይሆናል? ብረት ከአንጀት ስድስት እጥፍ ገደማ ይከብዳል። በዚያው ርዝመትና በዚያው ውፍረት ያንኑ ድምፅ ለማግኘት ስድስት እጥፍ መወጠር ይኖርበታል። ያን ውጥረት ሽቦው ሊችለው ይችላል፤ ቀንበሩ፣ ምሰሶዎቹና ቆዳው ግን ለዚያ አልተሠሩም። በአንጻሩ ናይለን ከአንጀት ትንሽ ቀለል ይላል፤ ስለዚህ የአንጀት አውታር በናይለን ሲተካ ጥቂት ወፈር ያለው ይመረጣል። ማቴሪያል ሲቀየር ልኩም አብሮ ይቀየራል ማለት ነው።

የሦስቱ ሕጎች ታሪክ

የበገና ሠሪ በጣቱ የሚያውቀውን ነገር በቁጥር የጻፈው ፈረንሳዊው መነኩሴ ማሪን መርሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1636 በፓሪስ ባሳተመው ትልቅ የሙዚቃ መጽሐፍ የአውታርን ጠባይ በሦስት ሕጎች አስቀመጠ።

አንደኛው የርዝመት ሕግ ነው። አውታሩን በግማሽ ብታሳጥሩት በሰከንድ የሚርገበገብበት ቁጥር እጥፍ ይሆናል፤ ድምፁም አንድ ኦክታቭ ይወጣል። ጊታር የሚጫወት ሁሉ በ12ኛው ፍሬት ላይ ጣቱን ሲያሳርፍ የሚሰማው ይህን ነው።

ሁለተኛው የውጥረት ሕግ ነው። በውጥረት ብቻ አንድ ኦክታቭ ለማውጣት ከፈለጋችሁ ውጥረቱን እጥፍ ማድረግ አይበቃም፤ አራት እጥፍ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው የክብደት ሕግ ነው። ርዝመቱና ውጥረቱ ሳይነካ የአውታሩ ውፍረት እጥፍ ቢሆን ድምፁ አንድ ኦክታቭ ይወርዳል።

እነዚህ ሦስቱ ባይተጋገዙ ኖሮ ፒያኖ የሚባል ነገር አይኖርም ነበር። የዛሬ ፒያኖ 88 ቁልፎች አሉት። ዝቅተኛው ድምፅ በሰከንድ 27.5 ጊዜ፣ ከፍተኛው 4,186 ጊዜ ይርገበገባል፤ ልዩነቱ 152 እጥፍ ነው። የከፍተኛው ድምፅ ክር 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ሁሉም ክር እኩል ወፍራምና እኩል የተወጠረ ቢሆን፣ የዝቅተኛው ድምፅ ክር 7 ሜትር ከ60 ሊረዝም ነው፤ ከኮንዶሚኒየም ሁለት ፎቅ ቁመት ይበልጣል። ስለዚህ ፒያኖ ሠሪዎች ወደ ታች በወረዱ ቁጥር ርዝመቱን በመጠኑ ብቻ ጨመሩ፤ የቀረውን በውፍረት ሞሉት። በጣም ዝቅተኛ በሆኑት ድምፆች ዘንድ ደግሞ ሽቦው ራሱ ወፍሮ እንደ ዘንግ እንዳይደርቅ፣ መካከለኛ ውፍረት ባለው ሽቦ ላይ መዳብ ጠመጠሙበት። በዚህ መንገድ ክብደት ተገኘ፣ ልስላሴውም አልጠፋም።

ሽቦው ሲጠነክር አካሉ ተለወጠ

ፒያኖን የፈለሰፈው ጣሊያናዊው ባርቶሎሜዎ ክሪስቶፎሪ ነው፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1700 አካባቢ፣ ቦታው ፍሎረንስ ነበር። ከሠራቸው ፒያኖዎች ሦስቱ እስከ ዛሬ አሉ፤ የሁሉ ቀዳሚ የሆነው የ1720ው በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ይገኛል። የእርሱ ፒያኖ አካል እንጨት ነበር። ክሮቹ ቀጫጭን፣ ውጥረታቸውም ዝቅተኛ፣ ድምፁም ለቤተ መንግሥት ክፍል የሚበቃ ለስላሳ ድምፅ ነበር።

ከዚያ አዳራሾች ሰፉ፤ ሰሚው በዛ፤ ተጫዋቾችም ከፍ ያለ ድምፅ ፈለጉ። ከፍ ላለ ድምፅ ወፍራም ክር፣ ለወፍራም ክር ብዙ ውጥረት ያስፈልጋል። የእንጨቱ አካል ግን ይህን ሲሸከም መጣመም ጀመረ። ሠሪዎች መጀመሪያ የብረት ዘንጎች አስገቡ። እ.ኤ.አ. በ1825 አልፊየስ ባብኮክ በቦስተን ከተማ በአንድ ወጥ የተቀረጸ የብረት ክፈፍ በፈጠራ መብት አስመዘገበ። በ1850ዎቹ በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ዌብስተርና ሆርስፎል የተሰኘው ድርጅት ከቀድሞው ብረት እጅግ የሚጠነክር የአረብ ብረት ሽቦ ለገበያ አቀረበ። በ1859 የኒው ዮርኩ ስታይንዌይ በግራንድ ፒያኖ ውስጥ የዝቅተኛ ድምፅ ክሮችን በሌሎቹ ላይ አሻግሮ የመዘርጋት ዘዴውን በስሙ አስመዘገበ።

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። ክሩ የተጠናከረው አካሉ እየተጠናከረ በሄደ መጠን ነው። ዛሬ አንድ ፒያኖ ወደ 230 የሚሆኑ ክሮች አሉት፤ ሁሉም በአንድነት የሚጎትቱት ኃይል ከ18 እስከ 20 ቶን ይደርሳል። በእኛ አነጋገር ከ180 እስከ 200 ኩንታል ማለት ነው! ይህን ሁሉ ቀንና ሌሊት የሚሸከመው የብረት ክፈፉ ነው። ያ ክፈፍ የሌለው ወይም በከፊል ብቻ ያለው የቆየ ፒያኖ ግን የዚህን ትንሽ ክፍል እንዲሸከም ብቻ የተሠራ ነው። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱም ፒያኖ ናቸው፤ ከውስጥ ግን የተለያየ ዘመን ልጆች ናቸው።

በጥንቱ ፒያኖ ላይ የነበረው ለስላሳ የብረት ሽቦ አንድ ጥቅም ነበረው፦ ከልክ በላይ ሲወጠር አካሉ ሳይጎዳ ቀድሞ ይበጠስ ነበር። በቤታችን መብራት ውስጥ ፊውዝ የሚሠራውን ሥራ ይሠራ ነበር ማለት ነው። የዛሬውን አረብ ብረት በዚያ ላይ የሚያስር ሰው ፊውዙን አውጥቶ በወፍራም ሽቦ እንደሚያገናኝ ሰው ነው፤ መብራቱ አይጠፋም፣ ቤቱ ግን አደጋ ላይ ወድቋል። ለዚህ ነው ለጥንታዊ ፒያኖዎች የሚሆን እንደ ድሮው ለስላሳ የሆነ ሽቦ ዛሬም እየተሠራ የሚሸጠው።

ወፍራም ሽቦ ለምን አያድንም?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ደረስን። የፒያኖ ሽቦ በቁጥር ይጠራል። በዛሬው አቆጣጠር ቁጥር 13 የሚባለው 0.775 ሚሊ ሜትር ነው፤ በየግማሽ ቁጥሩ 0.025 ሚሊ ሜትር እየጨመረ ይሄዳል። ቁጥር 17 ላይ 0.975፣ ቁጥር 18 ላይ 1.025 ይደርሳል። 0.025 ሚሊ ሜትር ከራስ ጠጉር ውፍረት ያነሰ ነው። ይህ ምን ልዩነት ያመጣል?

አንድ ምሳሌ እንሥራ፤ ሒሳብ የምትወዱ እርሳስ አንሡ። ሙዚቀኞች የሚቃኙበት «ላ» የሚባለው ድምፅ በሰከንድ 440 ጊዜ ይርገበገባል። ክሩ 40 ሳንቲ ሜትር ቢረዝም፣ ያን ድምፅ ለማግኘት የሚያስፈልገው ውጥረት ይህን ይመስላል፦

በቁጥር 17 (0.975 ሚሊ ሜትር) 74 ኪሎ፤
በቁጥር 17 ተኩል (1.000 ሚሊ ሜትር) 78 ኪሎ፤
በቁጥር 18 (1.025 ሚሊ ሜትር) 82 ኪሎ፤
በቁጥር 18 ተኩል (1.050 ሚሊ ሜትር) 86 ኪሎ።

ዓይን የማይለየው ልዩነት በእያንዳንዱ ክር ላይ 4 ኪሎ ይጨምራል። አንድ ሰው ሁሉንም ክር በአንድ ሙሉ ቁጥር ቢያወፍር፣ ውጥረቱ ቢያንስ በዐሥር ከመቶ ገደማ ያድጋል። 180 ኩንታል ይሸከም የነበረ ፒያኖ 18 ኩንታል ተጨመረበት ማለት ነው። የመቶ ዓመት ዕድሜ ያለው ሙጫ፣ የደረቀ እንጨት፣ ምናልባትም በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ያለበት ክፈፍ ይህን እንዴት ይቀበለዋል?

«ክሩ ግን አይበጠስም» ትሉ ይሆናል። ስሕተቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው አንድ ኩንታል ተሸክሞ ቆሟል እንበል። «እንዳይደክመው» ብለን ሁለተኛ ሰው ብንጨምር፣ ነገር ግን ሁለተኛ ኩንታልም ብንጨምር፣ የመጀመሪያው ሰው ሸክም አልቀለለም። የቆሙበት ወለል ላይ ያረፈው ክብደት ግን እጥፍ ሆነ። ሽቦም እንዲሁ ነው። ወፍራም ሽቦ የበለጠ ጉልበት አለው፤ ያንኑ ድምፅ ለመስጠት ግን በዚያው መጠን የበለጠ መወጠር አለበት። ሸክሙና ጉልበቱ አብረው ያድጋሉ፤ ስለዚህ ወደ መበጠሱ ያለው ርቀት እዚያው ነው። ያተረፍነው ነገር ቢኖር በአካሉ ላይ የተጫነ ተጨማሪ ሸክም ነው።

ታዲያ ክር ለምን ይበጠሳል? ብዙውን ጊዜ ከዝገት የተነሣ፣ ሽቦው በድልድዩ ወይም በመቃኛው ላይ ከሚታጠፍበት ቦታ በመድከሙ፣ ወይም ቃኚው ከልክ በላይ ስለሳበው ነው። እነዚህን ውፍረት አይፈውሳቸውም።

ድምፁም ይጎዳል። ከልኩ የወፈረ አጭር ክር እንደ ዘንግ ይደርቃል፤ በውስጡ ያሉት ተጓዳኝ ድምፆች ወደ ላይ ይሸሻሉ፤ ሲመታ እንደ ቃጭል ይጮኻል እንጂ አይዘምርም። ከልኩ የቀጠነ ደግሞ ከጎረቤቶቹ ጋር ሲነጻጸር ድምፁ ይሰልላል። በፒያኖ መካከልና ላይኛው ክፍል ለአንድ ድምፅ ሦስት ሦስት ክሮች በአንድነት ይመታሉ። ከሦስቱ አንዱ ብቻ በሌላ ውፍረት ቢተካ፣ አየሩ በተለወጠ ቁጥር ከሁለቱ እየተለየ ቅኝቱን ያበላሻል።

አሮጌውን ፒያኖ ስትከፍቱ

በእጃችሁ የገባውን መሣሪያ ማሠራት ከፈለጋችሁ ሥራው የሚጀምረው ከመግዛት ሳይሆን ከመመርመር ነው።

በመጀመሪያ ዕድሜውን እወቁ። በውስጡ የተቀረጸው የሠሪው ስምና ተራ ቁጥር ብዙ ጊዜ የተሠራበትን ዓመት ይነግራል። ክፈፉ ሙሉ ብረት ነው ወይስ እንጨት? ክሮቹ ይሻገራሉ ወይስ ቀጥ ብለው ጎን ለጎን ይወርዳሉ? እነዚህ ጥያቄዎች መሣሪያው የየትኛው ዘመን ልጅ እንደ ሆነ ይነግሯችኋል።

ቀጥሎ የሠሪውን ጽሑፍ ፈልጉ። ብዙ ሠሪዎች የሽቦውን ቁጥር በድልድዩ ላይ ወይም በመቃኛዎቹ አጠገብ በእርሳስ ይጽፉ ወይም በማኅተም ይመቱ ነበር። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉ እንጂ በውኃ አትጠቡት፤ ጽሑፉን ታጠፉታላችሁ። ቁጥር ብታገኙም ቸኩላችሁ አትመኑት። በድሮ ጊዜ የየአገሩና የየፋብሪካው አቆጣጠር የተለያየ ስለ ነበር የአንዱ 13 የሌላው 13 አይደለም። ሁሉንም ወደ ሚሊ ሜትር መልሱት።

ከዚያ ለኩ። ለዚህ ማይክሮሜትር የሚባለው መለኪያ ያስፈልጋል፤ ተራ ማስመሪያ አይረዳም። ዝገት ሽቦውን ያወፍረዋል፤ ስለዚህ ንጹሕ ቦታ ፈልጋችሁ በሁለት በሦስት ስፍራ ለኩ። የእያንዳንዱንም ድምፅ ውፍረትና ርዝመት በደብተር ላይ በተራ ጻፉ። አንድም ክር ከመውጣቱ በፊት ይህ መዝገብ መጠናቀቅ አለበት።

መዝገቡን ስታነቡት ሥርዓት ታያላችሁ። ጥቂት ድምፆች በአንድ ውፍረት ይሄዳሉ፤ ቀጥሎ በግማሽ ቁጥር ይወፍራሉ፤ ወደ ታች በወረዳችሁ ቁጥር ይህ እየተደጋገመ ይቀጥላል። በመካከል ከሥርዓቱ የወጣ ካገኛችሁ፣ ከእናንተ በፊት አንድ ጠጋኝ ያገኘውን ሽቦ አስሮ ሄዷል ማለት ነው። ትክክለኛውን ልክ የሚነግራችሁ ያ አንዱ ክር ሳይሆን የጎረቤቶቹ ሥርዓት ነው።

መዳብ የተጠመጠመባቸውን የዝቅተኛ ድምፅ ክሮች፣ የተበጠሱትንም ቢሆን፣ አትጣሉ። አዲሱ ክር የሚሠራው በእነርሱ ናሙናነት ነው። የውስጡ ሽቦ ውፍረት፣ ከመዳቡ ጋር ያለው ጠቅላላ ውፍረት፣ መዳቡ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቦታ፣ ሁሉም ይለካል።

በመጨረሻ በምን ከፍታ እንደሚቃኝ ወስኑ። የ440ው ልክ በዓለም አቀፍ ስብሰባ የተወሰነው እ.ኤ.አ. በ1939 ነው። ከዚያ በፊት ብዙ አገሮች ፈረንሳይ በ1859 የደነገገችውን 435 ይከተሉ ነበር። በላይኛው ምሳሌያችን 78 ኪሎ የነበረው ክር በ435 ሲቃኝ ወደ 76 ኪሎ ይወርዳል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ በ230 ክር ሲባዛ ግን ከአራት ኩንታል በላይ ይሆናል። ለደካማ ፒያኖ ይህ ዕረፍት ነው። ከጊታርና ከኪቦርድ ጋር አብሮ እንዲያገለግል ከፈለጋችሁ ደግሞ 440 ያስፈልጋችኋል፤ አካሉ ይችለው እንደ ሆነ የሚፈርደው ግን የተማረ ባለሙያ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ሰማንያ ኪሎ የሚጎትት ሽቦ ድንገት ቢበጠስ ዓይን ያጠፋል። ክሮቹን የማላላትና የማውጣት ሥራ የባለሙያ ነው፤ እርሱም ቢሆን ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይለቅም፤ ክፈፉ ሚዛኑን እንዳይስት ቀስ በቀስ፣ ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ያላላል። የኅብረታችሁ ድርሻ መለካት፣ መጻፍና መጠበቅ ነው፤ ትንሽ ድርሻም አይደለም።

አዲስ ክር ከታሰረ በኋላም ትዕግሥት ይጠይቃል። አዲስ ሽቦ ይሳባል፤ ዛሬ ተቃኝቶ በሳምንቱ ይወርዳል። በመጀመሪያው ዓመት ደጋግሞ መቃኘት የግድ ነው። ከዚያም በኋላ የአገራችን አየር አለ። በክረምት የድምፅ ሰሌዳው እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፤ ክሮቹን ይገፋቸዋል፤ ድምፁ ይወጣል። በበጋ ይደርቃል፤ ድምፁ ይወርዳል። ፒያኖውን ፀሐይ ከምትመታው መስኮትና እርጥበት ከሚስበው ግድግዳ አርቁት፤ በዓመት ሁለት ጊዜም አስቃኙት።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን?

«ኪቦርድ በሞላበት ዘመን ስለ አሮጌ ፒያኖ ምን አስጨነቀን?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን በሁለት ኢትዮጵያውያን ሕይወት ውስጥ እናገኘዋለን።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ እ.ኤ.አ. በ1923 በአዲስ አበባ ተወለዱ። በስድስት ዓመታቸው ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ተላኩ፤ ከሙዚቃ ጋር የተዋወቁት በዚያ ነው። በኋላ በካይሮ ተማሩ፤ መንኩሰውም ፒያኖን አልተዉም። እ.ኤ.አ. በ2023 በ99 ዓመታቸው በኢየሩሳሌም ሲያርፉ፣ በፒያኖ ላይ የደረሷቸው የራሳቸው ዜማዎች በዓለም ዙሪያ ይደመጡ ነበር። ፒያኒስት ግርማ ይፍራሸዋ ደግሞ በልጅነቱ መጀመሪያ የነካው ክራር ነው። ፒያኖን ያገኘው በ16 ዓመቱ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ነበር፤ ከዚያ በቡልጋሪያ ሶፊያ ተምሮ የአገሩን ዜማ በፒያኖ አሰማ። ለሁለቱም ነገሩ የተጀመረው ከፊታቸው አንድ የሚሠራ መሣሪያ በመቆሙ ነው። በአዳራሻችሁ ጥግ ያለው ፒያኖ የሚጠብቀው ልጅ ማን እንደ ሆነ አታውቁም።

ጌታችን ኢየሱስ አዲስ የወይን ጠጅ በአሮጌ አቁማዳ ስለሚያኖር ሰው ተናግሯል (ማቴዎስ 9)። ብዙ ጊዜ የምናስታውሰው አሮጌው አቁማዳ መፈንዳቱን ነው። ምሳሌው ግን የሚያበቃው ሁለቱም ስለሚጠበቁበት መንገድ በመናገር ነው። አዲሱ የአረብ ብረት ሽቦ ክፉ አይደለም፤ ለተሠራለት ክፈፍ ድንቅ ነው። አሮጌው ፒያኖም አላረጀበትም፤ ልኩን ለሚያውቅለት ሰው ገና ይዘምራል። ጥፋት የሚመጣው የአንዱን ልክ ሳንጠይቅ በሌላው ላይ ስንጭን ነው።

አለቃ ተሰማ ለ12 ዓመቱ ልጅ የትኛው አውታር በየትኛው ቦታ እንደሚታሰር ባያሳዩት ኖሮ ያ ዕውቀት በአንድ ትውልድ ይቋረጥ ነበር። በገና ቤት ኖራችሁ አያት ወይም መምህር በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ጠይቋቸው፤ የሚሉትንም ጻፉ። ፒያኖ ካላችሁ ደግሞ ሽቦ ከመግዛታችሁ በፊት ደብተርና ማይክሮሜትር ይዛችሁ ክዳኑን ክፈቱ።

ለኅብረት ውይይት

1. በኅብረታችሁ ወይም በቤታችሁ ሳይሠራ የቆመ መሣሪያ አለ? ስለ ዕድሜውና ስለ አሠራሩ የሚያውቅ ማን ነው?

2. «ጠንከር ያለ ነገር ይሻላል» ብለን ልክ ሳንጠይቅ የምንጭነው በሽቦ ብቻ ነው? በአገልግሎት ክፍፍላችን ምሳሌ ፈልጉ።

3. ጊታር ያላችሁ አንድ ክር ይዛችሁ የመርሰንን ሦስት ሕጎች በየተራ ፈትኑ። የትኛውን በጆሯችሁ በቀላሉ ለያችሁት?

4. 1ኛ ሳሙኤል 16ንና ማቴዎስ 9ን በአንድነት አንብቡ። መሣሪያን በመጠበቅና ሰውን በመጠበቅ መካከል ምን ግንኙነት ታያላችሁ?